«እገሊት ናት ያሰራችብህ» ማለት ምን ያህል ከባድ ነው? ከአንድ የስፔን ፊልም የተነሳ ምክር



ሰሞኑን ከመግሪብ ሰላት በኋላ አንድ ወጣት ስለ አንድ ፊልም ጠየቀን። ፊልሙ «አኬላሬ» ይባላል፤ በ2020 የወጣ፣ ፓብሎ አጉዌሮ የሚባል አርጀንቲናዊ የሠራው የስፔን ፊልም ነው። ልጁ ያየው በሌሊት ነው፣ ፈርቷልም። «ኡስታዝ፣ እነዚያ ሴቶች እውነት ሲሕረኞች ነበሩ እንዴ?» አለን። መልሱ ለብዙዎቻችን ይጠቅማል ብለን ስላሰብን እዚህ ጻፍነው።

ከሁሉ በፊት፣ ፊልሙን እዩት እያልን አይደለም። ሙዚቃም የዐውራ መገለጥም አለበት። አይቶት የጨረሰ ሰው ግን ፍርሃቱን ብቻ ይዞ ባይቀር ጥሩ ነው።

ታሪኩ በ1609 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር)፣ ባስክ በሚባለው አገር፣ ከሰው በራቀች የባሕር ዳር መንደር ይጀምራል። ወንዶቹ ዓሣ ለማጥመድ ሩቅ ባሕር ሄደዋል። ልጃገረዶች ማታ ጫካ ገብተው ጨፈሩ። ንጉሡ የላከው ዳኛ መጥቶ አሰራቸውና «ከሸይጧን ጋር የተሰበሰባችሁበትን ሌሊት ንገሩኝ» አላቸው። አላደረግንም ቢሉ የሚሰማቸው ጠፋ። አና የምትባለው ልጅ በመጨረሻ አንድ ነገር ገባት፦ ዳኛው ያመነውን እስኪሰማ ድረስ አይለቃቸውም። ስለዚህ ወንዶቹ እስኪመለሱ ጊዜ ለመግዛት የሚፈልገውን ተረት ትፈጥርለት ጀመር። ያ ወጣት የፈራው ጂን ፊልሙ ውስጥ የለም። ያለው ያለ ማስረጃ እርግጠኛ የሆነ ሰው ነው።

ነገሩ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። በዚያው በ1609 ፒየር ደ ላንክር የሚባል ዳኛ በፈረንሳይ በኩል ባለው የባስክ ምድር እየዞረ ሰዎችን በጥንቆላ አስቃጥሏል። በስፔን በኩል ደግሞ ዙጋራሙርዲ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ከፈረንሳይ የተመለሰች አንዲት ወጣት «እዚያ ጠንቋይ ነበርኩ፣ ከዚህ መንደርም እነ እገሌን አይቻለሁ» ብላ ስም ጠራች። የተጠሩት ፈርተው አመኑ፤ ሌላ ስም ጠሩ። ወሬው ሎግሮኞ ከተማ ካለው የኢንኩዊዚሽን ፍርድ ቤት ደረሰ። በኅዳር 1610 ስድስት ሰዎች ከነሕይወታቸው ተቃጠሉ፤ በእስር ለሞቱ አምስት ሰዎች ደግሞ ምስላቸው ተቃጠለ። አሠራሩን አስተውሉ፦ «አዎ» ያለው በአብዛኛው ነፍሱ ተረፈች፤ «አላደረግኩም» ብሎ የጸናው ተቃጠለ።

ከሦስቱ ዳኞች አንዱ፣ አሎንሶ ደ ሳላሳር ፍሪያስ፣ ልቡ አልረጋም። በ1611 ተነስቶ በየመንደሩ ለወራት ዞረ። ከ1,800 በላይ ሰዎች ጠንቋይ ነበርን ብለው ቃላቸውን ሰጡት፤ ከነሱ ከ1,300 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ! እሱ ግን ማስረጃ ጠየቀ። የጠንቋይ ቅባት ነው የተባለውን ሲያስመረምር የውሸት ሆኖ ተገኘ። ቃላቸው እርስ በርሱ ተጋጨ። መጨረሻ ላይ ወሬው ከመነዛቱ በፊት በዚያ አገር ጠንቋይም የተጠነቆለበትም እንዳልነበረ ለበላዮቹ ጻፈ። በ1614 ሕጉ በእሱ ሐሳብ መሠረት ተለወጠ።

እዚህ ላይ የኛ የሙስሊሞች ቁስል አለ። በዚያው በ1609፣ ያው ንጉሥ ፊሊፕ ሦስተኛ፣ ሞሪስኮ የሚባሉትን የአንደሉስ ሙስሊሞች ዘሮች ከአገር እንዲባረሩ አዘዘ። እስከ 1614 ድረስ ወደ 300,000 የሚጠጉ ሰዎች ተባረሩ። ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት ጎረቤት ጎረቤቱን «የአሳማ ሥጋ አይበላም፣ ይታጠባል፣ ይጾማል» እያለ ለዚሁ ኢንኩዊዚሽን ይጠቁም ነበር። በጥርጣሬ መከሰስ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ማወቅ ያለብን እኛ ነበርን።

ታዲያ ዛሬ እኛ ምን እየሠራን ነው?

አንድ ወንድም ወደኛ መጣ። ለዓመታት ራሱን ያመውና እንቅልፍ ያጣ ነበር። ሩቅያ ያደረገለት ሰው «የቅርብ ዘመድ ናት፣ ጠይም፣ ሠርግህ ላይ ምግብ የሠራች» አለው። ያሳደገችው አክስቱ ሆነች። ሦስት ዓመት ሰላም ሳይላት ቆየ፤ ለዘመድ ሁሉም ነገረ። ኋላ ሐኪም ቤት ሲሄድ የደም ግፊት ሆኖ ተገኘ፤ በመድኃኒት ተሻለው። አክስቱ ግን በመሃል ሞታለች። ጥያቄው «አውፍ በይኝ የምላት እንዴት ነው?» የሚል ነበር። ወላሂ፣ እንዲህ የከበደን ጥያቄ ጥቂት ነው።

ሲሕር አለ፣ ጂን አለ፣ ዐይንም ሐቅ ነው፤ ይህ ዐቂዳችን ነው። ሲሕር አለ ማለት ግን እምነት ነው፤ «እገሊት ሳሒር ናት» ማለት ክስ ነው። ክስ በይና ይፈልጋል። በታመመ ሰው አንደበት የሚናገር ጂን በይና አይሆንም። አቡ ሁረይራ ዘንድ የመጣው ሸይጧን አንዴ እውነት ቢናገር እንኳ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውሸታም መሆኑን ነው የነገሩት። የውሸታምን ምስክርነት ይዘን እንዴት አክስታችንን እንፈርድባት?

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ሲሕር ተደርጎባቸዋል። ያደረገው ለቢድ ኢብኑል አዕሰም መሆኑን ያወቁት ከአላህ ነው፤ ከዚህ የበለጠ እርግጠኝነት የለም። ሆኖም አላህ እንዳሻራቸው፣ በሰዎች መካከል ክፋት ማነሳሳትን እንደጠሉ ለእናታችን ዓኢሻ ነገሯት፤ ጉድጓዱ እንዲደፈንም አዘዙ። በወሕይ ያወቁት እሳቸው ይህን ካደረጉ፣ በግምት የምንናገር እኛ ምን እንላለን?

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፦ ከታመምክ የጠዋትና የማታ ዚክርህን ያዝ፣ ሩቅያውን በራስህ ላይ ቅራ፣ ሐኪም ቤትም ሂድ። ስም የሚጠራ ራቂ ካጋጠመህ ተነስተህ ውጣ። በቴሌግራም «እገሊት ድግምተኛ ናት» የሚል ድምፅ ከደረሰህ አታስተላልፍ፤ የዙጋራሙርዲ እሳት የተነሳው በአንዲት ልጅ ወሬ ነው። በሰው ላይ ተናግረህ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ በሕይወት እያለች ሂድና አውፍ በይኝ በላት። ለዚያ ወንድም ያልነው ለአክስቱ ዱዓ እንዲያደርግ፣ ሰደቃ እንዲሰጥላት፣ ስሟን ባጠፋበት ቤት ሁሉ እየዞረ «ተሳስቼ ነበር» እንዲል ነው። እየዞረ ነው። አላህ ይቀበለው።

አላህ ምላሳችንን ከዙልም ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።