ከፈረስ የወደቀች ልጅ ትመለስ?

«ፈረስ እወዳለሁ» ስል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ጋሪ አለዎት እንዴ?» ብሎ ነው። የለኝም። እኔ የምወደው በፈረስ መሰናክል መዝለልን ነው። ዋንጫም ሆነ ሜዳሊያ ቤቴ ውስጥ አታገኙም፤ ልጆቼን ያሳደግኩት በሒሳብ ሠራተኝነት ነው። ነገር ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ዛሬ ስልሳ ሦስት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ፣ ፈረስ ሳልነካ ያለፈኝ ሳምንት ጥቂት ነው።

አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና ጃን ሜዳ አካባቢ ፈረስ ጠባቂ ነበሩ። አዲስ አበባ ውስጥ «ባልደራስ» የሚባለውን ሰፈር የምታውቁ፣ ባልደራስ ማለት የፈረሶች አለቃ ማለት እንደሆነ ለልጆቻችሁ ንገሩልኝ። የድሮ ሰው በፈረሱ ስም ነበር የሚጠራው። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። አባቴ እነዚህን ስሞች እየደጋገሙ እያስጠኑኝ በመጀመሪያ ያስተማሩኝ ግን ግልቢያ አልነበረም። ፋንድያ መጥረግ፣ ሰኮና ማጽዳት፣ ጋማ ማበጠር ነበር። ኮርቻ ላይ የወጣሁት ከብዙ ወራት በኋላ ነው። የመጀመሪያው መሰናክሌም ሁለት በርሜል አስተኝተው በላዩ ያጋደሙት የባሕር ዛፍ አጣና ነው። ከጉልበቴ ብዙም ከፍ አይልም ነበር፤ ለእኔ ግን እንጦጦ ነበር።

ይህን ስፖርት ለማታውቁት ሕጉ ቀላል ነው። ፈረሱ አንድ አጣና ከጣለ አራት የቅጣት ነጥብ ይያዝበታል። አልዘልም ብሎ ከቆመም አራት ነው። ጋላቢው ከወደቀ ከውድድሩ ይወጣል። በኦሊምፒክ ደረጃ የመሰናክሉ ቁመት 1 ሜትር ከ60 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ሴትና ወንድ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሕግ፣ እኩል ይወዳደራሉ። ሴቶች በኦሊምፒክ መሰናክል ዝላይ እንዲሳተፉ የተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። የዚያ ዓመት ኦሊምፒክ የተካሄደው በአውስትራሊያ ሜልቦርን ቢሆንም፣ አገሪቱ እንስሳት ስለማስገባት ያላት ሕግ ጥብቅ በመሆኑ የፈረሱ ውድድር ስዊድን፣ ስቶክሆልም ተደረገ።

በዚያው ውድድር የሆነውን አባቴ ቢሰሙት ደስ ይላቸው ነበር። ሃንስ ጉንተር ቪንክለር የተባለው ጀርመናዊ ጋላቢ በመጀመሪያው ዙር የብሽሽቱ ጡንቻ ተጎዳ። ለሁለተኛው ዙር ሲወጣ ሕመሙ ስለበረታበት ፈረሱን እንደ ወትሮው መምራት አልቻለም። ሃላ የምትባለው ባዝራ ግን አንድም አጣና ሳትጥል ይዛው ዞረች። ወርቁን አገኙ።

ይህ ለምን እንደሚያስገርም የፈረስ ዓይን ይነግራችኋል። የፈረስ ዓይኖች በግራና በቀኝ ጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ ከግንባሩ ሥር እጅግ ቀርቦ ያለውን ግን አያይም። መሰናክሉ ሥር ሲደርስ አጣናው ከዓይኑ ይሰወርበታል። የሚዘለው ቀደም ብሎ ያየውን ይዞ፣ በላዩ የተቀመጠውንም ሰው አምኖ ነው። ጋላቢው ከፈራ ፈረሱ ያውቅበታል፤ ገንዘብህን ወይም ሥልጣንህን ግን አያውቅም።

እንግዲህ ወደ ቤታችን ጉዳይ ልግባ። የአሥራ አንድ ዓመት የልጅ ልጄ ከአራት ወር በፊት ከፈረስ ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ስድስት ሳምንት ጀሶ ውስጥ ቆየ። ጀሶው በተፈታ ማግስት የጠየቀችኝ ጥያቄ «አባባ፣ መቼ ነው የምንሄደው?» የሚል ነበር። እኔ አፌን ሳልከፍት እናቷ «የትም አትሄጂም!» አለች።

ማታ ልጅቱ ከተኛች በኋላ ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን አወራን። ልጅ በወደቀችበት ከቀረች ፍርሃቱ አብሯት እንደሚያድግ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «አባዬ፣ አንተ የወደቅክ ቀን ሰዎች ደግፈው ሲያስገቡህ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ራስህ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ሸሚዝህ ደም በደም ሆኖ። ሰባት ዓመቴ ነበር። አንተ በሳምንቱ ተመልሰህ ጋለብክ፤ እኔ ግን ለስንት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ እስኪንኳኳ እጠብቅ ነበር» አለችኝ።

ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። አንድም ቀን አንስታው አታውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ክርክሩን አልቀጠልኩም። አያቶች ሆይ፣ ይህን በተለይ ለእናንተ እላለሁ፦ እኛ የልጅ ልጆቻችንን ልብ መክፈት እንችላለን፤ ፈቃዱ ግን የወላጅ ነው። ከእናት ጀርባ ልጅን ይዞ መሄድ ፈረስ አያስተምርም፤ የሚያስተምረው መደበቅን ነው። ስለዚህ ልጄን አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት፤ መጥታ እንድታይ።

መጣች። በዚያ ቀን ልጅቱ ኮርቻ ላይ አልወጣችም። ዳማውን ፈረስ በልጓሙ ይዛ ሜዳውን ዞረች፤ ሰኮናውን አነሳች፤ አበጠረችው። እናቷ አጥሩን ተደግፋ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመች። ስትመለስ መኪና ውስጥ ሆና የራሷን ሕግ አወጣች፦ ሦስት ወር ዝላይ የለም፤ በእርምጃና በሶምሶማ ብቻ፤ እሷ በሌለችበት ቀን ግልቢያ የለም፤ የራስ መከላከያ ቆቡም አዲስ ይገዛ። ከመጨረሻው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አንዴ በኃይል የተመታ ቆብ ከውጭ ደህና ቢመስልም ውስጡ ስለሚጎዳ መተካት አለበት።

ልጆቻችሁ ፈረስ የሚወዱ ከሆነ ጥቂት ነገር ልጨምር። ተረከዝ ያለው ጫማ አልብሷቸው፤ ስኒከር እርካብ ውስጥ አልፎ እግር ይይዛል። ወደ ፈረስ ሲቀርቡ ከኋላ ሳይሆን ከትከሻው በኩል፣ ድምፅ እያሰሙ ይሁን። አሠልጣኙ በመጀመሪያው ቀን ዝላይ ካሳያቸው ሌላ አሠልጣኝ ፈልጉ። ለትምህርቱ የሚከፈለው ከኪሳችሁ በላይ ከሆነም ፈረስን መውደድ በገንዘብ ብቻ አይደለም። ጥር 23 እንጅባራ ሄዳችሁ የአገው ፈረሰኞችን በዓል አሳዩአቸው፤ ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ቢሾፍቱ ጋሪ ስትሳፈሩም የፈረሱን ጀርባና አንገት እንዲያዩ አድርጉ። የቆሰለውን ፈረስ ያየ ልጅ ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ ያ ጥያቄ ትልቅ ትምህርት ነው።

እንግሊዛዊው ኒክ ስኬልተን እ.ኤ.አ. በ2000 አንገቱ ተሰብሮ ስፖርቱን አቁሞ ነበር። ተመልሶ በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ በ58 ዓመቱ ወርቅ አገኘ። ይህን ታሪክ ለልጅ ልጄ ነግሬያታለሁ፤ ለእናቷ ገና ነኝ። የእኔ ጉልበት ከዝላይ ከተሰናበተ ቆይቷል። የሦስቱ ወር ቀጠሮ የሚያበቃው በሚቀጥለው ወር ነው። ያን ቀን ልጄ እሺ ብትል አጣናውን በጉልበት ልክ አጋድማለሁ። እምቢ ብትልም ፋንድያ የሚጠርግ ሰው ሁልጊዜ ያስፈልጋል፤ እኔና የልጅ ልጄ እንጠርጋለን።