የሮቦቱ ጌታ ማን ነው?
ስለ አዲሱ «ትራንስፎርመርስ» የሥዕል ትረካ

«ሮቦት» የሚለው ቃል የተወለደው ከፋብሪካ ሳይሆን ከተውኔት ነው። ቼካዊው ደራሲ ካሬል ቻፔክ በ1920 ባሳተመው ተውኔቱ ሰው ሠራሽ አገልጋዮቹን በዚህ ስም ጠራቸው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቃሉም ሥር ባላባት በገባሩ ላይ የሚጥለውን የግዳጅ ሥራ የሚያመለክት ነው። እንግዲህ ሮቦት ከስሙ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ተሸክሞ ይዞራል፤ ጌታው ማን ነው?

ይህ ጥያቄ በኦክቶበር 2023 አሜሪካ ውስጥ እንደ አዲስ መታተም ለጀመረው «ትራንስፎርመርስ» በእጅጉ የተገባ ነው። ተከታታዩን ስካይባውንድ በኢሜጅ ኮሚክስ በኩል ሲያወጣው፣ ደራሲውም የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ሠዓሊም ዳንኤል ዋረን ጆንሰን ነበር። በ2024 ሥራው የአይስነርን የምርጥ ተከታታይ ሽልማት አገኘ፤ ጆንሰንም በደራሲ-ሠዓሊነቱ ተሸለመ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት ሂስ ይሰማል። አንዱ «የመጫወቻ ማስታወቂያ ነው» ብሎ ሳያነብ ይጥለዋል። ሌላው «ጥበብ ገበያን አሸነፈች» ብሎ ያጨበጭባል። ሁለቱም ስተዋል።

የመጀመሪያው ወገን ገጾቹን መግለጥ ነበረበት። በመጀመሪያው ቁጥር ሁለት ወጣቶች ተቀብሮ የኖረ የጠፈር መርከብ ያገኛሉ፤ ለዘመናት ያንቀላፉት መኪኖች ይነቃሉ፤ የጥንት ጦርነታቸውም በሰው ልጅ መንደር ላይ ይቀጥላል። ትረካው ገና ሳይደላደል ስታርስክሪም ባምብልቢን፣ ልጆች አብልጠው የሚወዱትን ያን ትንሹን ቢጫ ሮቦት፣ ይገድለዋል። የጆንሰን ወፍራም የቀለም መስመር ብረቱን ክብደት ይሰጠዋል። ኦፕቲመስ ፕራይም እንደ ነፃ ትግል ተፋላሚ ጠላቱን አንሥቶ ሲያፈርጥ ምድሪቱ የምትንቀጠቀጥ ይመስላል። ይህ ሸቀጥን የማሻሻጥ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የሠለጠነ እጅና የሚያዝን ልብ ያለበት ሥራ ነው።

የሁለተኛው ወገን ስሕተት ግን ይበልጥ ከባድ ነው፤ ታሪክን ይረሳልና። የእነዚህ ጀግኖች መገኛ የደራሲ ምናብ አይደለም። የጃፓኑ ታካራ ይሸጣቸው የነበሩትን ቅርጻቸውን የሚለዋውጡ መጫወቻዎች የአሜሪካው ሐዝብሮ ወስዶ በ1984 ለገበያ አቀረበ፤ ስምና ጠባይ የሚያበጁላቸውም የማርቭል ጸሐፊዎች ሆኑ። ከእነዚህም ቦብ ቡዲያንስኪ ዋነኛው ነበር። ለ4 ቁጥሮች ብቻ የታሰበው የማርቭል ኅትመት 80 ቁጥር ደርሶ በ1991 ቆመ።

ጌታው ማን እንደሆነ በግልጽ የታየው በ1986 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ፊልም ኦፕቲመስ ፕራይምን ገደለ። ምክንያቱ የታሪኩ ግዴታ ሳይሆን የመጋዘን ሒሳብ ነበር፤ ያለፈው ዓመት መጫወቻ ለአዲሱ ቦታ መልቀቅ ነበረበት። ሕፃናት በሲኒማ ቤት አለቀሱ። ቅሬታው ሲበረታ ጀግናው በ1987 በቴሌቪዥን ከሞት ተነሣ። የገደለውም ያስነሣውም ገበያው ነው።

«እንደ አዲስ መጀመር» የሚባለውም አሠራር ከዚሁ ምንጭ ይቀዳል። ከ2005 እስከ 2022 በአይዲደብሊው ኩባንያ ሥር ሌሎች ደራስያን ያካበቱት ትረካ፣ ፈቃዱ እጅ ሲለውጥ ተዘጋ። በእነዚያ ገጾች ከሞቱት ብዙዎቹ በአዲሱ መጽሔት በሕይወት ተገኙ። ታዲያ የባምብልቢ ሞት አንባቢን ለምን ያህል ጊዜ ሊያሳዝን ይችላል? ጆንሰን ለሞት ክብደት ሊሰጥ ይደክማል፤ የሚሠራበት ሥርዓት ደግሞ ክብደቱን መልሶ ይነጥቀዋል። እርሱም ራሱ ከ24 ቁጥር በኋላ ብዕሩን ለሮበርት ከርክማን አስረክቧል። ደራሲ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ባለንብረቱ ግን ከስፍራው አይነቃነቅም።

«ተረትም እኮ በየምሽቱ እንደ አዲስ ይነገራል» የሚል ተከራካሪ ይኖራል። እውነት ነው፤ መድገም በራሱ ነውር አይደለም። ነገር ግን በምድጃ ዳር የሚነገር ተረት ባለንብረት የለውም። አያት የነገረችውን የልጅ ልጅ ያሻሽላል፤ ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ለማንም ግብር አይከፍልም። ጅብና አህያ የሕዝብ ናቸው፤ ኦፕቲመስ ፕራይም ግን የአክሲዮን ማኅበር ንብረት ነው። ልዩነቱ ያለው በድግግሞሹ ሳይሆን በባለቤትነቱ ነው።

ስለዚህ ሥዕል የሚያስተምር መምህር እነዚህን ገጾች ለተማሪዎቹ ለማሳየት ሊያፍር አይገባውም፤ መስመር እንዴት እንደሚከብድ፣ እንቅስቃሴ በቆመ ሥዕል እንዴት እንደሚሮጥ ያስተምራሉና። ነገር ግን ትምህርቱ በዚያ ካበቃ ጎዶሎ ነው። የቻፔክ ሮቦቶች በጌቶቻቸው ላይ ተነሥተው ነበር። የጆንሰን ሮቦቶች በእጁ ጥበብ ሰው ለመሆን ተቃርበዋል፤ የራሳቸው ሕይወትና የራሳቸው ሞት እንዲኖራቸው ግን ገና አልተፈቀደላቸውም። አንድ ሥራ ነፃ መሆኑ የሚለካው በሽልማቱ ብዛት ሳይሆን፣ የሞተው ሞቶ መቅረት በመቻሉ ነው።