ጦሙን ያደረው መሬት

ክሬን ስንላችሁ ቦሌ ላይ አንገቱን አስግጎ የሚውለው የግንባታ ብረት ከመጣባችሁ አንፈርድባችሁም። እኛም እስካለፈው ጥር ድረስ የምናውቀው እሱን ብቻ ነበር። ማሽኑ ስሙን የተዋሰው ከወፍ መሆኑን የሰማነው ወፉን ካየን በኋላ ነው። (ትምህርት ቤት ለምን እንዳልነገሩን እንጃ!)

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን አንዱ ካሜራ ገዛ። ካሜራ የገዛ ሰው ደግሞ ጓደኞቹን አያስተኛም። ቅዳሜን ቢሾፍቱ አድረን፣ እሁድ ገና ሳይነጋ እየጎተተ ወስዶ ጨለለቃ ዳር ገተረን። ጨለለቃ እንደ ሆራ ወይም እንደ ባቦጋያ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ዝናብ ሲጥል የሚሞላ፣ በጋው ሲገፋ የሚሸሽ ውኃ ነው። ክሬኖቹ የሚወዱትም ለዚሁ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ውኃው ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ጅብ ቢመጣ ሳያንቦጫርቅ አይደርስባቸውም። ሰማዩ ሲገላለጥ ጥሩምባ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ መንጋ መንጋ እየሆኑ ተነሱ... ቁመታቸው ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ ክንፋቸው ሲዘረጋ ሁለት ሜትር ይሆናል። ከሩሲያና ከፊንላንድ አካባቢ ተነስተው ኅዳር ገደማ የሚደርሱ፣ የካቲት ሲያልቅ የሚመለሱ እንግዶች ናቸው።

ያረፉት ጤፉ ታጭዶ ያለቀበት ማሳ ላይ ነው። እኛ የከተማ ልጆች አይደለን? «ባዶ ማሳ ላይ ምን ይለቅማሉ?» ብለን ከብት የሚጠብቁ አንድ ጋሼን ጠየቅናቸው። ባዶ መሆኑን ማን ነገራችሁ ብለው ሳቁብን። ጎንበስ አሉና ከእግራቸው ሥር አንድ እፍኝ ዘግነው አሳዩን፤ የረገፈ ጤፍ፣ የአረም ዘር፣ አንድ ጢንዚዛ። ቃርሚያ ማለት ለካ ይኸ ነው።

አማርኛችን እንዲህ ላለው ማሳ አንድ አባባል አለው፤ ጦሙን ያደረ መሬት ይለዋል። በዜናም በስብሰባም መሬት ጦሙን እንዳያድር ሲባል ሰምታችኋል። እኛ ስላልበላንበት ጦም አደረ እንላለን እንጂ፣ በመኸሩና በሚቀጥለው እርሻ መካከል ባሉት ወራት መሬቱ ሌላውን እያበላ ነው። ያውም በነፃ።

ይህንኑ ሥራ በገንዘብ ለመሥራት የሞከረ አገር አለ። ክሬኖቹ ወደ እኛ ሲመጡ መንገድ ላይ የሚያርፉበት ሰሜን እስራኤል፣ ሁላ ሸለቆ። ረግረጉን በ1950ዎቹ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምናወራው) ለእርሻ ብለው አደረቁት። በ1994 ደግሞ ከፊሉን መልሰው ውኃ ለቀቁበት። ወፎቹ ደስ ብሏቸው መጡ፤ ገበሬው ግን አልተደሰተም፤ ኦቾሎኒውንና አዲስ የዘራውን ይለቅሙበት ነበር። ስለዚህ አንድ ዘዴ ተፈጠረ። ለክሬኖቹ የተለየ ማሳ ተመደበና በብርዱ ወራት በትራክተር በቆሎ ይበተንላቸው ጀመር። ወጪውን ገበሬዎቹና መንግሥታዊ አካላት ተጋሩት። ጎብኚውም ትራክተር በሚጎትተው ጋሪ ላይ ተቀምጦ፣ ከፍሎ ያያል።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ሠርቷልም። የገበሬው ሰብል ተረፈ። ነገር ግን በቆሎ በሽ በሽ ከሆነ ኢትዮጵያ ድረስ ማን ይደክማል? በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት እዚያው መክረም ለመዱ፤ አንድ ማሳ ላይ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ። በ2021 መጨረሻ የወፍ ጉንፋን (በርድ ፍሉ የምንለው) ገባ። ከ5,000 በላይ ክሬኖች አለቁ፤ ነጭ መከላከያ የለበሱ ሠራተኞች ሬሳውን ከውኃው ላይ ሲለቅሙ ዓለም በፎቶ አየ። በሽታውን በቆሎው አላመጣውም። የመጣው በሽታ ግን ሁሉንም አንድ ገበታ ላይ አገኛቸው።

የእኛ ቃርሚያ ይኸ ችግር የለበትም። እህሉ በብዙ ሺህ ማሳ ላይ ሳስቶ የተበተነ ነው፤ ወፉም ቀን ቀን ይበተናል፤ ማታ ብቻ ይሰበሰባል። ታዲያ እኛ ዘንድ ሁሉም ሰላም ነው እያልን አይደለም። ጥቁር አፈር የክረምቱን እርጥበት ይዞ ይቆያል፤ ዝናቡ ሲያበቃ ሽምብራ የሚዘራበትም ለዚህ ነው። ክሬኖቹ ሲደርሱ ሽምብራው ማሳ ላይ ነው። ወፍ ደግሞ ቃርሚያና ሽምብራ ለይቶ አይበላም! ጋሼ የልጅ ልጆቻቸውን ወንጭፍ አስይዘው ያስጠብቃሉ። ለተበላው የሚክሳቸው የለም። ወፍ ለማየት የመጣው እንግዳ ገንዘቡን ሪዞርት ውስጥ ጨርሶ ይመለሳል። (እኛም ያደረግነው ይኸንኑ ነው። ማኪያቶው ውድ ነበር።) ከሁላ የምንቀዳው ነገር ካለ በቆሎውን ትተን ሒሳቡን ነው፤ የሚያይ ይክፈል፤ ክፍያውም ማሳው ውኃውን ለሚያዋስነው ገበሬ ይድረስ።

በመስኖ የሚለማውን የበጋ ስንዴም አንቃወምም፤ ዳቦ በስንት እንደምንገዛ እናውቃለን። የምንለው፣ ከውኃው ዳር ያሉት ማሳዎች አጨዳው እንዳለቀ ወዲያው አይገልበጡ ነው። የታረሰ ዕለት ቃርሚያው አፈር ሥር ይቀበራል። ወፎቹ እስኪሄዱ፣ እስከ የካቲት ማብቂያ ቢቆይ ከብቱም ይግጥበታል። እዚያው ማሳ ላይ ላምና ክሬን ጎን ለጎን አይተናል፤ አልተጣሉም። ገበሬው ይህን ሲያደርግ አንድ እርሻ የሚቀርበት ከሆነ ደግሞ ያ ከላይ ያልነው ክፍያ ይታሰብለት።

የሚያስፈራን ግን ማረሻ አይደለም። ማረሻ የገለበጠው መሬት ከርሞ እንደገና ያበቅላል። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ አብሮን የገባ አንድ ደላላ በውኃው ዳር በኩል በእጁ እያሳየ «ባዶ ቦታ» እያለ ዋጋ ይጠራልን ነበር። እኛ ጠዋት ማሳውን የጠራንበት ቃል! ከመንገዱ ወዲህ ያለው አዲስ በቆርቆሮ ታጥሮ፣ ከውስጡ አሸዋና ብሎኬት ተቆልሏል። ያኛው ክሬን ገና አልመጣም።

ካሜራ የገዛው ጓደኛችን ኅዳር ላይ እንሂድ ብሎናል። ጋሼ ዘንድ ጎራ ብለን ሽምብራው እንዴት እንደሆነ እንጠይቃቸዋለን። ቆርቆሮውም የት ድረስ እንደመጣ እናያለን።