አብረው የወጡ አብረው ይድረሱ

የልደት በዓል በደረሰ ቁጥር ወደ ላሊበላ የሚያመሩት መንገዶች ነጭ በለበሱ ምእመናን ይሞላሉ። ከፊሉ በአውሮፕላን፣ ከፊሉ በአውቶቡስ ይደርሳል፤ ብዙው ገበሬ ግን እንደ አባቶቹ ስንቁን ቋጥሮ፣ በትሩን ይዞ በእግሩ ይጓዛል። በዛሬው የበዓል ገጻችን ስለዚህ የእግር ጉዞ ጥቂት ለማለት የተነሣነው በራሳችን ላይ ከደረሰው በመነሣት ነው።

እንደሚታወቀው 11ዱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ ኢየሩሳሌም መድረስ ላልቻለ ምእመን ዳግማዊት ኢየሩሳሌም እንዲሆኑ ታስቦ መታነጻቸውን ትውፊት ይናገራል። ከመካከላቸው አንዱ ጎልጎታ፣ በአጠገባቸው የሚያልፈውም ወራጅ ዮርዳኖስ መባሉ ይህንኑ ያመለክታል። እንግዲህ ቦታው ከጥንት ጀምሮ ደክሞት ለሚመጣ መንገደኛ የተዘጋጀ ነው ማለት ይቻላል።

ዓርብ ታኅሣሥ 26 ቀን 2011 ዓ.ም. ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ በዕድሜ እጅግ ከሚበልጡን አንድ ጡረተኛ መምህር ጋር ከጋሸና ተነሣን። እስከ ላሊበላ ያለውን ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ በሁለት ቀን ልንጨርስ አስበናል። ስንቃችንን ስንከፋፈል እርሳቸው ቀለል የሚለውን በሶ፣ እኛ ከበድ የሚለውን ውሃ ያዝን።

ከደጋው ቁልቁለቱ ሲጀምር የባልንጀራችን ጉልበት ከዳቸው። ቁልቁለት ለወጣት ዕረፍት፣ ለሽማግሌ ፈተና መሆኑን ያን ቀን ተማርን። ጥቂት ይራመዳሉ፣ ይቆማሉ። ፀሐዩ ከረረ፤ ጾሙም በረታ። እኛ ደግሞ ሰዓታችንን መመልከት አበዛን። በመጨረሻ «ጋሼ፣ እዚያ ጉብታ ላይ እንጠብቅዎታለን» አልናቸው። «ሂድ ልጄ፣ እደርሳለሁ» አሉን። ጉብታው ላይ ስንደርስ ግን አልቆምንም፤ ወደሚቀጥለው፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው አለፍን።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጾም ልንፈታ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ውሃው በእጃችን ነው፤ በሶው የለም። እርሳቸውም በሶውን ይዘው ያለ ውሃ መቅረታቸው ያን ጊዜ ትዝ አለን። በሶ ያለ ውሃ ዱቄት ነው፤ ውሃም ያለ በሶ ጉልበት አይሆንም። በችኮላ የወረድነውን ቁልቁለት ዳገት አድርገን ተመለስን።

ባልንጀራችንን ያገኘናቸው ከመንገዱ ዳር፣ ለበዓሉ ከሚጓዝ አንድ የገበሬ ቤተሰብ ጋር ተቀምጠው ነው። የቤቱ እመቤት ከቅላቸው ውሃ ሰጥተዋቸው፣ በሶው ተበጥብጦ፣ የእኛም ድርሻ በጣሳ ተከድኖ ይጠብቀን ነበር። እመቤቲቱ የያዝነውን ኮዳ ተመልክተው «ውሃው ካንተ ጋር ኖሯል?» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ እኛም መልስ አልነበረንም።

ጉዞው ሲቀጥል የቤተሰቡን አካሄድ አስተዋልን። ከፊት የምትመራው ትንሿ ልጅ ነበረች፤ ጎልማሳውም አሮጊቷም በእርሷ እርምጃ ልክ ይከተላሉ። ባልንጀራችንም ከልጅቱ ጎን ተሰለፉ። ሌሊቱን «የእግዚአብሔር እንግዳ ነን» ብለን ከአንድ ገበሬ ቤት አድረን በማግሥቱ ማታ ላሊበላ ገባን። የከተማው ወጣቶች ከየት መጣችሁ ሳይሉ፣ ጎንበስ ብለው እግራችንን አጠቡን። ከሁላችንም አስቀድሞ የታጠበው ያ ያበጠ የሽማግሌ እግር ነበር።

ከዚህ በመነሣት የምንለው አለን። መንገድና መኪና መብዛቱ መልካም ነው፤ የደከመን ያሳርፋል። ነገር ግን ተሳላሚ ከባልንጀራው ቀድሞ ለመድረስ ከተሽቀዳደመ፣ በእግሩም መጣ በመኪና፣ የጉዞውን በረከት ከመንገድ ጥሎታል። እግር የማጠቡም ልማድ እንግዳ ሲበዛና ገበያ ሲደራ እንዳይቀዘቅዝ የከተማው ሽማግሌዎች ለልጆቻቸው አደራ ሊሉ ይገባል። ሥፍራው ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ቅርስ እንደመሆኑ ከሩቅ አገር ለሚመጣው ጎብኚ ማረፊያ ይታሰብለታል። በእግሩ ለሚመጣው ገበሬም በየመንገዱ ንጹሕ ውሃ፣ ጥላና የሕክምና ርዳታ እንዲታሰብለት የሚመለከታቸውን ሁሉ እናሳስባለን።

በልደት ማለዳ በቤተ ማርያም ካህናቱ ከፊሉ ከማሜ ጋራ ላይ፣ ከፊሉ ከሥር ሆነው ቤዛ ኩሉን በመቀባበል ያሸበሽባሉ። የላዩ የታቹን ካልጠበቀ ዜማው አይሞላም። ውድ አንባቢያን፣ በዛሬው በዓል ከቤታችን፣ ከጎረቤታችን ወደ ኋላ የቀረ ማን እንደሆነ፣ ውሃውስ በማን እጅ እንዳለ እንመልከት።

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!