የሞገድ ቀመር ባልዲና ቱቦ ይፈልጋል

የአጭር ሞገድ ሬዲዮ በየቤቱ በነበረበት ዘመን ጣቢያዎች ስርጭት ሲከፍቱ ለአድማጩ ሁለት ቁጥር ይነግሩት ነበር። «በ31 ሜትር ባንድ» ይሉና የኪሎ ኸርዙን መጠን ያስከትላሉ። የመጀመሪያው የሞገዱ ርዝመት፣ ሁለተኛው ድግግሞሹ ነው። 31 ሜትርን በ9,700 ኪሎ ኸርዝ ያባዛ ሰው በሰከንድ 300 ሚሊዮን ሜትር ገደማ ያገኛል። 25 ሜትርን በ12,000 ኪሎ ኸርዝ ቢያባዛም የሚደርሰው እዚያው ነው፤ የብርሃን ፍጥነት።

ይኸው ዝምድና በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ክፍል በአንድ መስመር ያልቃል፦ ፍጥነት ማለት ድግግሞሽ ሲባዛ በሞገድ ርዝመት። ከጎኑ ሦስት ማዕዘን ይሳልና ተማሪው የተጠየቀውን ፊደል በጣቱ ሸፍኖ የቀሩትን ያባዛል ወይም ያካፍላል። ዘዴው ፈተና ላይ ነጥብ ያስገኛል። ስለ ሞገድ ግን የሚያስተምረው ነገር የለም፤ መምህራንም ይህን ያውቁታል።

የሽምደዳው ጉዳት የሚታየው መልሱ ሲሳሳት ነው። የሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የሞገድ ርዝመት ስንት ነው ቢባል፣ ሜጋ ኸርዙን ወደ ኸርዝ መቀየር የረሳ ተማሪ 2,938 ኪሎ ሜትር ብሎ ይጽፋል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ካይሮን የሚያልፍ አንድ ሞገድ መሆኑ ነው! ትክክለኛው መልስ 2.94 ሜትር ነው። የዚህ ሩብ 73 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የቤት ሬዲዮ የሚመዘዝ አንቴና ቁመቱ በዚያ አካባቢ የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። አንቴናውን በሜትር የለካ ልጅ ካይሮ የሚደርስ መልስ ሲያይ ቢያንስ ይጠራጠራል።

ከዚህ የባሰ፣ ግን የማይታይ ስህተት አለ። ቀመሩን ብቻ ያጠና ተማሪ ድግግሞሽ በእጥፍ ሲጨምር ፍጥነትም በእጥፍ የሚጨምር ይመስለዋል። እውነት እንዲያ ቢሆን ኖሮ በጥምቀት ከሩቅ የቆመ ሰው የጸናጽሉን ቀጭን ድምፅ ቀድሞ፣ የከበሮውን ወፍራም ድምፅ ዘግይቶ በሰማ፤ ዝማሬውም በተዘበራረቀ። አይዘበራረቅም። ሁለቱም በአንድ አየር ውስጥ በአንድ ፍጥነት ይጓዛሉ። የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው የሚያልፍበት ነገርና ሙቀቱ ነው፤ ድግግሞሽ ሲጨምር የሚያጥረው የሞገዱ ርዝመት ነው።

ይህን ለማሳየት ውድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንድ ባልዲ ውሃ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም የቧንቧ ቁራጭ፣ ማስመሪያና 1,000 ኸርዝ ድምፅ የሚያወጣ ስልክ ይበቃል። ቱቦው ቁልቁል ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ስልኩ ከአፉ በላይ ይያዛል። ቱቦውን ቀስ እያሉ ወደ ላይ ሲስቡት ከውሃው በላይ ያለው ክፍል 8 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ድምፁ ድንገት ይጎላል፤ ከዚያ ይደክምና 25 አካባቢ ላይ እንደገና ይጎላል። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ይህ የሞገዱ ግማሽ ርዝመት ነው። ሙሉው 0.34 ሜትር፣ በ1,000 ሲባዛ በሰከንድ 340 ሜትር። የድምፅን ፍጥነት ልጆቹ ራሳቸው ለኩት ማለት ነው። ስልኩን ወደ 2,000 ኸርዝ ቢቀይሩት ድምፁ የሚጎላባቸው ቦታዎች ይቀራረባሉ፤ ፍጥነቱ ግን እዚያው 340 ላይ ይቆያል።

ስሙ የድግግሞሽ መለኪያ የሆነው ሄይንሪክ ኸርዝም በ1888 ካርልስሩሄ ውስጥ የሠራው ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። የኤሌክትሪክ ሞገዶችን ከዚንክ ቆርቆሮ ላይ እያነጠረ፣ ብልጭታው የሚጎላበትንና የሚጠፋበትን ቦታ እየፈለገ ርዝመታቸውን ለካ። ድግግሞሹን ከመሣሪያው አሠራር አሰላ። ሁለቱን ሲያባዛ ከብርሃን ፍጥነት ጋር የሚቀራረብ ውጤት አገኘ፤ የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል ስለ እነዚህ ሞገዶች ከሃያ ዓመታት በፊት በወረቀት ላይ የተነበየውም በዚህ ተረጋገጠ። ቀመሩ ለኸርዝ የማያውቀውን ነገር የሚያገኝበት መሣሪያ ነበር። ለእኛ ተማሪዎች ግን የታወቀ መልስ መድገሚያ አድርገነዋል።

ፖርሽን አይሸፈንም የሚለው የመምህራን ስጋት ተገቢ ነው። ክፍሉ ይጨናነቃል፣ ክፍለ ጊዜው ያጥራል፣ በመጨረሻም ሁሉም የሚመዘነው በምርጫ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ሸክሙ በመምህሩ ላይ ብቻ መጣል የለበትም፤ ለውጡ ከፈተናው ቢጀምር ይሻላል። ፍጥነትና ድግግሞሽ ሰጥቶ ርዝመትን ከመጠየቅ ይልቅ የባልዲውን ሙከራ ልኬቶች አቅርቦ «ድምፁ ወደ 2,000 ኸርዝ ቢቀየር ከእነዚህ ቁጥሮች የትኞቹ ይለወጣሉ? የትኛው አይለወጥም?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በየዓመቱ አንድ እንኳ እንደሚመጣ ከታወቀ፣ መምህሩም ለቱቦና ለባልዲ አንድ ክፍለ ጊዜ ለመመደብ በቂ ምክንያት ይኖረዋል።