የጉምሩክ ሥራና የኮምፒዩተር አገልግሎት

ጉምሩክ ከውጭ አገር የሚገባውንና ወደ ውጭ የሚወጣውን ዕቃ እየመረመረ ተገቢውን ቀረጥ የሚያስከፍል መሥሪያ ቤት ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር የሌላት አገር በመሆኗና አብዛኛው ዕቃዋም በጅቡቲ ወደብ በኩል ስለሚገባ፣ የጉምሩክ ሥራ መፍጠን ወይም መዘግየት ከነጋዴው አልፎ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ኑሮ ይነካል። በመጋዘን ተከማችቶ የሚቆይ ዕቃ በየቀኑ ኪራይ ይቆጠርበታል፤ ነጋዴው ይህንን ወጪ በዋጋው ላይ ይጨምረዋል፤ በመጨረሻም ዕዳው ለልጇ መድኃኒት ለመግዛት በመጣች እናት ትከሻ ላይ ያርፋል።

ቀድሞ የዕቃው ዝርዝር የሚሞላበት ዲክላራሲዮን በብዙ ቅጂ ተዘጋጅቶ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዞር ነበር። አንዱ ሹም ሲፈርም ሌላው «ነገ ተመለስ» ይላል። እንዲህ ያለው አሠራር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ለሚል ሰው የተመቸ ነው፤ ባለጉዳዩ ይቸኩላል፣ ማኅተሙ ግን ያለው በሹሙ እጅ ነውና።

ይህን መሰሉን ችግር ለማቃለል የተባበሩት መንግሥታት የንግድና የልማት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1981 አሲኩዳ የተባለውን የኮምፒዩተር አሠራር ማዘጋጀት ጀመረ። ኢትዮጵያም በዚሁ አሠራር ለዓመታት ከተገለገለች በኋላ፣ አስመጪው ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የሚሰጡትን ፈቃድ በአንድ በኩል የሚጠይቅበትን የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት በ2012 ዓ.ም. ጀምራለች። በዚህ ዓይነቱ አሠራር ዲክላራሲዮኑ በኮምፒዩተር ይቀርባል፤ ቀረጡም በዕቃው መለያ ቁጥር መሠረት ይሰላል። ከዚያም ዕቃው እንደ ሥጋቱ መጠን ይመደባል፤ አረንጓዴ የተባለው ያለ ፍተሻ ያልፋል፣ ቢጫ የተባለው ሰነዱ ይመረመራል፣ ቀይ የተባለው ግን ሰነዱም ዕቃውም ይፈተሻል።

አንዳንድ ሰዎች መብራት ወይም የመገናኛ መስመር ሲቋረጥ ሥራው ሁሉ ስለሚቆም ወረቀቱ ይሻላል ይላሉ። መቋረጡ በእርግጥ ችግር ነው። ነገር ግን መፍትሔው መስመሩን ማጠናከር እንጂ ወደ ኋላ መመለስ አይደለም። በእኔ አስተያየት ከዚህ የከፋው አደጋ፣ ኮምፒዩተር ብቻውን ሐቀኞች ያደርገናል ብሎ መዘናጋት ነው። መሣሪያው የሚያሰላው የተነገረውን ብቻ ነው። አንድ ሺህ ጥንድ ጫማ ያስገባ ሰው አምስት መቶ ብሎ ቢሞላ፣ ስሌቱ ትክክል፣ ቀረጡ ግን ጎዶሎ ይሆናል። ያ ጎዶሎ ደግሞ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ሊውል ይችል የነበረ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ማኅተም ከመምታት ያረፈው ሠራተኛ ተጨማሪ ሥልጠና አግኝቶ ብርቱ ጥንቃቄ ወደሚጠይቀው ፍተሻ ሊሰማራ ይገባዋል። ነጋዴውም ያስገባውን ዕቃ ሳይደብቅ መሙላትን እንደ ክብሩ ሊቆጥረው ይገባል። ኮምፒዩተር ጊዜን ይቆጥብልናል፤ እውነትን ግን ከእኛ ይጠብቃል።