ስለ ብረት ብየዳ ጥቂት ቃል

ብየዳ የእሳትና የጢስ ሥራ ነውና እኔን ምን አገባኝ ትል ይሆናል። ነገር ግን ተማሪ ብትሆን ነገ፥ የመንግሥት ጸሐፊ ብትሆን ደግሞ ዛሬውኑ፥ ለመሥሪያ ቤትህ የተሠራውን የውሃ ታንከርና ማቆሚያውን «በትክክል ተረክቤአለሁ» ብለህ ትፈርማለህ። 2000 ሊትር ውሃ 2000 ኪሎ ይመዝናል፤ ከሥሩም ሰው ያልፋል።

ጥር 8 ቀን 1935 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943) በአሜሪካ አገር፥ በኦሬጎን ግዛት፥ በፖርትላንድ ከተማ «ስኬኔክታዲ» የምትባል አዲስ የነዳጅ መርከብ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ታስራ ሳለች በድንገት እንደ ደረቅ እንጨት ከመካከሏ ተሰበረች። በጦርነቱ ምክንያት መርከብ በጥድፊያ ይፈለግ ስለ ነበር፥ ሰሌዳውን በብረት ችንካር ማያያዝ ቀርቶ በብየዳ ይሠራ ነበር። ብዙ ሰው ብየዳውን ወቀሰ። በርግጥም ጉድለት ተገኝቶበታል፤ ይሁን እንጂ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የነበረችው ኮንስታንስ ቲፐር የዚያን ዘመን የመርከብ ብረት በብርድ ጊዜ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ እንደሚሆን አስረዳች። በችንካር በተያያዘ መርከብ ላይ የተነሣ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ ከሰሌዳው ጠርዝ ሲደርስ ይቆማል፤ በብየዳ አንድ አካል በሆነው ላይ ግን መንገድ አግኝቶ ይሮጣል።

ወደ ሰፈራችን በያጅ እንምጣ። ጥሩ በያጅ ከእሳቱ በፊት በብሩሹ ይታወቃል። ዝገቱን፥ ዘይቱንና አሮጌውን ቀለም ሳይጠርግ የሚጀምር ሰው ብየዳው እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል። ዓይን ለእንጀራ ማማሪያ ነው፤ ለብየዳ ግን በሽታ ነው። እርጥበትም እንዲሁ። በተለይ 7018 የሚባለው ኤሌክትሮድ ፓኬቱ ከተከፈተ በኋላ ከ120 እስከ 150 ዲግሪ በሚሞቅ ምድጃ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ያለዚያ ከእርጥበቱ የሚወጣው ሃይድሮጅን ገብቶ ወፍራሙንና ጠንካራውን ብረት ከሰዓታት በኋላ፥ አንዳንዴም በማግሥቱ፥ ሊሰነጥቀው ይችላል።

ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ የኤሌክትሪኩን ኃይል ከፍ የሚያደርግም አለ። ኃይሉ ሲበዛ ቀጭን ላሜራ ይበሳል፥ ጠርዙም ቦይ ሆኖ ይበላል፤ ሲያንስ ደግሞ የቀለጠው ብረት ላይ ላዩን ይቀራል እንጂ አይሠርጽም። ጊዜ የሚቆጥበው አስቀድሞ በጥቂት ነጥብ የሚያያይዝ፥ ማዕዘኑን የሚለካ፥ ከዚያም ከጎን ወደ ጎን እያፈራረቀ የሚበይድ ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ ከሄደ ሙቀቱ ብረቱን ስለሚጎትተው በሩ ይጣመማል። የተጣመመ በር በመዶሻ ሲቀጠቀጥ የሚጠፋውን ሰዓት ማን ይቆጥረዋል?

እንግዲህ ስትረከብ፥ ዕቃው ቀለም ሳይቀባ ልየው በል። ሠራተኛው ቅር ቢለው አትፈር። (ሲበየድ ግን ዓይንህን መልስ፤ ብርሃኑ ያቃጥላል።) ብየዳው መጋጠሚያውን ዙሪያውን ይዞት እንደ ሆነ፥ ወይስ ከፊት ለዓይን ብቻ ተደርጎ ከኋላ ቀርቶ እንደ ሆነ ተመልከት። ተፍቆ እንደ መስተዋት የለሰለሰውን አታድንቅ፤ ከመጠን በላይ ሲፋቅ ብረቱን የያዘው ሥጋ አብሮ ይሄዳል። ታንከሩን ደግሞ ውሃ ሞልተው ያሳድሩት፤ በማግሥቱ ጠዋት የመጋጠሚያውን ሥር በእጅህ ዳስስና፥ ደረቅ ከሆነ ፈርም።